ወረቀቱ የማይናገረው፦ ካሜራ በእጅ ሲያዝ

በአትላንታና በዙሪያዋ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ዘመኑን በምስል እየጻፈ ነው። የቅዳሜ ሠርግ፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ የጥር ጥምቀት፣ የልጆች ምረቃ፣ የአረጋውያን ሽኝት ሁሉ በካሜራ ይመዘገባል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በክላርክስተን ወይም በዲኬተር ያደገ ልጅ «ወላጆቼ እዚህ አገር እንዴት ኖሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን በአመዛኙ የሚያገኘው ከእነዚህ ምስሎች ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ ወይም የወጣቶች ማሠልጠኛው ካሜራ ለመግዛት ኮሚቴ ሲያቋቁም የሚወስነው ስለ አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ማን በግልጽ እንደሚታይና ማን በጥላ ውስጥ እንደሚቀርም እየወሰነ ነው።

ለኮሚቴው የሚቀርብለት ግን ሠንጠረዥ ነው፦ ስንት ሜጋፒክሰል፣ በሰከንድ ስንት ምስል፣ ዋጋው ስንት ዶላር። ትልቁ ቁጥር በትንሹ ዋጋ ያሸንፋል። በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው ዕቃው ሰው እጅ ሲገባ የሚሆነው ነው። መያዣው ለመዳፍ ይመቻል? ጣት ሳይፈልግ የሚያገኘው ቁልፍ የትኛው ነው? ድምፁ ጸሎት ያውካል? አንሺው ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሣ ምን ምን መለወጥ ይችላል? እነዚህ የቅንጦት ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ አይደሉም። አያያዝ ራሱ አቅም ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው ችሎታ ወደ ሥራ የሚለወጠው በእርሱ በኩል ብቻ ነው። የጀበና ይዘት በሊትር ቢነገር ስለ አቀዳዱ ምንም እንደማይነግር ሁሉ፣ የካሜራም ቁጥር ስለ አነሣሡ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

ነገሩን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ለብዙ ትዕይንቶች ግምቱ ያዋጣል። በነጭ ነጠላና በነጭ ቀሚስ የተሞላ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግን ግምቱን ያፈርሰዋል። መለኪያው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ምስሉን ያጨልማል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ወደ ጥላ ይሰምጣል። መፍትሔው በሙያው የታወቀ ነው፦ አንሺው መለኪያውን አርሞ ብርሃኑን በአንድ ወይም ከዚያ በላይ እርከን ከፍ ያደርጋል። ዘመናዊ ካሜራዎች ፊትን ለይተው በማወቅ ችግሩን አቃለውታል፤ ፈጽመው ግን አላስወገዱትም።

ሠንጠረዡን ቢጠይቁት ካሜራው ማረሚያው «አለው» ይላል። ዛሬ በዚህ ደረጃ የሚሸጡ ካሜራዎች ሁሉም አላቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የት እንዳለ ነው። በአንዱ ካሜራ ማረሚያው በአውራ ጣት ሥር የሚሽከረከር መዘውር ነው፤ ጣቱ ጥርሱን እየቆጠረ፣ ዓይን ሳያይ ያስተካክለዋል። በሌላው ካሜራ በስክሪኑ ሜኑ ውስጥ፣ ከብዙ ገጾች በአንዱ ተቀብሯል። ካህናቱ ከድንኳኑ ጥላ ወደ ጠራራ ፀሐይ የሚወጡበት ቅጽበት ደግሞ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በመጀመሪያው ካሜራ ምስሉ ይገኛል፤ በሁለተኛው አንሺው ሜኑ ሲያገላብጥ ሰልፉ ያልፋል። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ጉዳዩን ከምቾት በላይ የሚያደርገው ታሪክም አለ። የቀለም ፊልም ለረጅም ዘመን በማጠቢያ ቤቶች ሲስተካከል መመዘኛው «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የጠቆረ ቆዳ በዚያ ሚዛን ውስጥ ስላልታሰበ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን አጥቶ ይወጣ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 የስልክ ካሜራውን ለጠቆረ ቆዳ ያስተካከለበትን ሥራ «ሪል ቶን» ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ጉድለቱ እስከ ቅርብ ጊዜ መዝለቁን ኢንዱስትሪው ራሱ ማመኑ ነበር። መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ሰው በአእምሮው አስቦ ይወጣል። የታሰበው ሰው ሌላ ሲሆን ስሕተቱን የሚያርመው የአንሺው እጅ ነው። ስለዚህ እጁ ማረሚያውን በቶሎ ማግኘቱ የፍትሕ ጥያቄም ይሆናል።

ቁጥሩ ያነሰው ያሸነፈበት ታሪክ

የፎቶግራፍ ጋዜጠኝነት ታሪክ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው ላይካ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ነበር። በምስል ዝርዝር ቢለካ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከሚተከሉት ትልልቅ ካሜራዎች ያንስ ነበር። ሆኖም በኪስ ይገባል፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣ ከዓይን ጋር አብሮ ይዞራል። የዘመኑን ታላላቅ ክስተቶች ለመመዝገብ የበቃው በቁጥር የሚያንሰው መሣሪያ ሆነ።

ከጆርጂያ የቀረበ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪከስ ከተማ የዘር መድልዎን በመቃወም የተሰለፉ ጥቁር ልጃገረዶች ተይዘው በሊስበርግ በሚገኝ አሮጌ ማጎሪያ ከአንድ ወር በላይ ታሰሩ። አልጋ አልነበራቸውም፤ መጸዳጃው የተበላሸ ነበር። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአትላንታ የነበረው «ስኒክ» የተባለው የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ የ21 ዓመት ፎቶግራፍ አንሺውን ዳኒ ላየንን ወደዚያ ላከ። ባልደረባው ጠባቂውን በወሬ ሲይዝለት፣ ላየን ከኋላ ዞሮ ልጆቹን በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ በኩል አነሣቸው። ምስሎቹ ለሕዝብ መድረሳቸው ልጆቹ እንዲፈቱ ረድቷል። በዚያ መስኮት ሥር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ተደብቆ የሚያዝ፣ ቶሎ የሚነጣጠርና ቶሎ የሚያነሣ መሣሪያ ነበር። ፍጹም ጥራት ያለው ግን መቆሚያ የሚፈልግ ካሜራ በዚያ ሰዓት ባዶ ሣጥን ነው።

ሌላው ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን የበለጠ ይቀርባል። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ሆኖ በኮረም የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን አንቀሳቅሷል። በ1991 በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ አሚን አንድ ክንዱን አጣ፤ የሥራ ባልደረባውም ሕይወቱ አለፈ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ፤ በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ እስካለፈበት ድረስም ከሙያው አልወጣም። ከአደጋው በፊትና በኋላ የካሜራዎቹ ቴክኒካዊ መግለጫ ያው ነበር። እንደ አዲስ መፈታት የነበረበት ጥያቄ መሣሪያው ከሰውነት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነበር። ሙሉ አካል ያለው ሰው ይህን መገናኛ ልብ አይለውም፤ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

አያያዝ የሚወስነው ፍጥነትን ብቻ አይደለም፤ አንሺውና ተነሺው የሚገናኙበትንም መንገድ ይወስናል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ከዐፄ ምኒልክ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሥተዋል። በቆየው ዘመን የስቱዲዮ ምስሎች ላይ የሚታየው ቀጥ ያለ አቋምና ጽኑ አተያይ የባሕልና የማዕረግ ውጤት ቢሆንም፣ የትልቁ ካሜራ ዝግታም ድርሻ ነበረው። ተነሺው ልብሱን አስተካክሎ፣ ራሱን አዘጋጅቶ፣ ይጠብቃል። ከላይ ወደ ታች የሚታየው ሮሊፍሌክስ ደግሞ አንሺውን አንገቱን እንዲደፋ ያስገድደዋል። አጎንብሶ እጅ መንሣት የአክብሮት ምልክት በሆነበት ባሕል ውስጥ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያነሣ ሰውና መሣሪያውን ፊት ላይ እንደ አፈሙዝ የሚደግን ሰው በአንዲት እናት ዘንድ አንድ አይደሉም።

ተቃውሞው

በዚህ ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ጎበዝ ባለሙያ በማንኛውም ካሜራ ያነሣል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማኅበራት የሚገዙት ለጎበዙ ብቻ አይደለም። ለበጎ ፈቃደኛው፣ ገና ለሚማረው ወጣት፣ ከሥራ ውሎ ደክሞ ለመጣው አባት ጭምር ነው። አያያዙ የከፋ መሣሪያ አብዝቶ የሚጎዳው ልምድ የሌለውን ነው።

ሁለተኛው፣ ስልክ ሁሉንም ተክቷል የሚል ነው። የገበያው ቁጥር ይህን የሚደግፍ ይመስላል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ ተልከው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ይሁን እንጂ ስልኩ ያሸነፈው በቴክኒካዊ መግለጫ አይደለም። ሁልጊዜ በእጅ ስላለ ነው። በ2020 የጆርጅ ፍሎይድን አሟሟት የቀረጸችው የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር ዓለምን ያንቀጠቀጠ ማስረጃ ያቆየችው ስልኳ በእጇ ስለነበረና እጇ ስላልራቀ ነው። የስልኩ ድል ራሱ የአያያዝ ድል ነው። ከስልኩ ማዕበል የተረፉ ካሜራዎችም ይህን የተረዱ ይመስላሉ፤ ፉጂፊልም በ2011 ባወጣው ኤክስ 100፣ ኒኮንም በ2023 ባወጣው ዜድ ኤፍ ላይ በጣት የሚሽከረከሩት የቀድሞዎቹ መዘውሮች ተመልሰዋል። በከፊል የናፍቆት ንግድ ቢሆንም፣ ሰዎች የሚናፍቁት ነገር ምን እንደሆነ ግን ይናገራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ቁጥር ሊመረመር ይችላል፤ «ለእጅ ይመቻል» የሚል ቃል ግን ለአድልዎ በር ይከፍታል። በጨረታ ሥራ ያለፈ ሰው ይህን ስጋት አያጣጥለውም። ቴክኒካዊ ሠንጠረዥ የተፈጠረውም በከፊል የኮሚቴ አባል ለወዳጁ ሱቅ እንዳያደላ ነው። ስለዚህ አያያዝን ወደ ግዥ ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ የሚለካበትን መንገድ አብሮ ማምጣት አለበት።

የሚለካ አያያዝ

መንገዱ አለ። አይ ኤስ ኦ 9241-11 የተሰኘው ዓለም አቀፍ መስፈርት የአጠቃቀም ምቹነትን የሚተረጉመው በስሜት አይደለም፤ የተወሰኑ ተጠቃሚዎች በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ግባቸውን በምን ያህል ውጤታማነት፣ ቅልጥፍናና እርካታ ይፈጽማሉ በሚል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2016 ባወጣው መመሪያ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ዕቃቸውን በእውነተኛ ተጠቃሚዎች እንዲፈትኑ ይመክራል፤ ምክንያቱም በአጠቃቀም የሚመጣ ስሕተት በሽተኛ ሊገድል ይችላል። በአትላንታ በጤናና በቴክኖሎጂ ተቋማት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው በመሥሪያ ቤታቸው የሚያከብሩትን ሥርዓት በማኅበራቸው ኮሚቴ ውስጥ መርሳታቸው ነው።

ለካሜራ ግዥ ሦስት ቀላል ፈተናዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ዕቃውን በእርግጥ የሚይዙት ሰዎች፣ ልምድ ያላቸውም የሌላቸውም፣ ከጠፋ ካሜራ ተነሥተው የመጀመሪያውን ትክክለኛ ምስል ለማንሣት የሚፈጅባቸው ጊዜ ይለካ። ሁለተኛ፣ ዓይናቸውን ከመመልከቻው ሳያነሡ ብርሃኑን ማረም መቻላቸው ይታይ። ሦስተኛ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎችን ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጡ አንሥተው፣ ፊታቸው በግልጽ የታየባቸው ምስሎች ይቆጠሩ። ውጤቱ ቁጥር ስለሆነ ሊመረመር ይችላል። ከጠቅላላው ነጥብ ሲሶው ለዚህ ቢሰጥ ቴክኒካዊ ሠንጠረዡ አይሻርም፤ ልኩን ብቻ ያውቃል።

ከካሜራ ባሻገር

ይህ ሐሳብ የሚጠቅመው ለፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። ዲያስፖራው በየዓመቱ ወደ አገር ቤት የሕክምና መሣሪያ፣ ኮምፒዩተርና የትምህርት ዕቃ ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መሣሪያ እርዳታ ያወጣቸው መመሪያዎች የተቀባዩ ፍላጎትና በቦታው ያለው የመጠቀምና የመጠገን አቅም ቀድሞ እንዲጠና ያሳስባሉ። መሣሪያው ምን ይችላል ከሚለው ጥያቄ በፊት ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ ይይዘዋል የሚለው ይቀድማል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ከ1976 ጀምሮ በዚያ ሆነው ሊቃውንት የሚመኩበትን ዝርዝር አዘጋጁ። በዛሬው መለኪያ ጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ደካማ ነው፤ የሐረጉን ቀለም እንኳ አያሳይም። ነገር ግን ከጥራዝ በኋላ ጥራዝ፣ ዓመት ከዓመት ሳይታክቱ ሊሠሩበት የሚቻል ነበር። ጽሑፎቹ ዛሬ የሚነበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያ የሚገዛ ወይም የሚለግስ ኢትዮጵያዊ ማኅበር ሁሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን ቢመድብ፣ ዕቃውን ለሚጠቀምበት ሰው ሰጥቶ በዝምታ ቢመለከት፣ ከብዙ ገጽ መግለጫ የማያገኘውን ይማራል። ጣቱ ቁልፉን ሲፈልግ ካየ፣ መልሱን አግኝቷል።