የሚበላውም የሚናገረውም አፍ አንድ ነው

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩም፣ መራጭ ፓርቲ ሲመርጥ ማስቀደም ያለበት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ነው ወይስ ለዜጎች መብት ያለውን አቋም? የሚል ነው። ብዙዎቹ «ነፃነት አይበላ!» ብለው ዘጉት። እኔ ግን አልተዋጠልኝምና ሐሳቤን እዚህ ላሰፍር ወደድሁ።

አጎቴ ዳባት አካባቢ ገብስ ያርሳል። አንድ ዓመት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ማዳበሪያው ዘሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰን» ቢል «ፀረ ልማት» ተባለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ጎረቤቶቹም አይናገሩም። «እኛ ዝም አልን፤ ማዳበሪያው ግን አሁንም ይዘገያል» ይለኛል። ታዲያ ይኼ የመብት ጥያቄ ነው የኢኮኖሚ?

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሁለቱም ጥያቄዎች ለሕዝብ ቀርበው ነበር። ኢሕአዴግ መሬት በመንግሥት እጅ ይቆይ ሲል፣ ቅንጅት የግል ይሁን እያለ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከራከሩ። ገበሬውም አዳመጠ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ብጥብጥ ግን አጣሪ ኮሚሽኑ እንደገለጸው 193 ሲቪሎች ተገደሉ። የፀረ ሽብር አዋጁም በ2001 ዓ.ም. ተከተለ።

እርግጥ ከዚያ ወዲያ መንገድም ትምህርት ቤትም ተሠርቷል፤ አይካድም። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር በሙሉ ያዙ። ይሁን እንጂ ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጎንደር አደባባይ በሰልፈኛ ተጥለቀለቀ። ፓርላማ ውስጥ ተናጋሪ ያጣ ሕዝብ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

የወሎን ረሃብ ያጠናው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን፣ ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ አይደርስም ይላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ የጊዜው መንግሥት ወሬውን ሸሽጎ ነበር።

በእርግጥ ነፃነት ብቻውን ድስት አያስጥድም። ዝምታም ግን አያስጥድም። ስለዚህ ምረጡኝ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ሁለት ጥያቄ እናቅርብለት። ማዳበሪያውን መቼና በስንት ታመጣለህ? ቢዘገይ፣ ዘገየ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ሁለተኛውን ያልመለሰ፣ የፊተኛውን ቢመልስ ምን ዋስትና አለን?

ነገ የምናስተምራቸውም ልጆች እጃቸውን አውጥተው መጠየቅን ከእኛ ነው የሚማሩት። የማይስማማ ካለ ጋዜጣው ቦታ አለውና ይጻፍ።

ከአንድ እጩ መምህር