ጠባይ አይወረስም

ቤትና ገንዘብ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የአባት ስምም እንዲሁ። ጠባይ ግን በኑዛዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባውን አንድ የጥንት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የሮማ ቄሣር ማርቆስ አውሬልዮስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ121 ዓመተ ምሕረት በሮማ ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት አያቱ አሳደጉት። ከወጣትነቱም ጀምሮ፥ በሐዋርያት ሥራ ስማቸው የተጻፈውን የኢስጦኢኮችን ፍልስፍና ወደደ።

በኋላም ነግሦ በዳኑብ ወንዝ ወሰን ሲዋጋ፥ በጦር ሰፈር ሆኖ ለራሱ ምክር የሚሆን መጽሐፍ በጽርእ ቋንቋ ጻፈ። በመጽሐፉ መጀመሪያ ስለ ድሉ አልተመካም፤ ያሳደጉትንና ያስተማሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሣ፥ ከእያንዳንዳቸው ያገኘውን ቈጠረ እንጂ። ከአያቱ ቍጣን መግታት፥ ከእናቱ ልግስናንና ከባለጠጎች ድሎት የራቀ ኑሮን እንደ ተማረ ይናገራል። መምህሩን ሩስቲኩስን የሚያመሰግነው የኤጲክጤጦስን ትምህርት ስላስገኘለት ነው፤ ኤጲክጤጦስ ግን ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ቄሣር ከባሪያ መማርን እንዳላፈረበት ልብ ይሏል።

ማርቆስ ክርስቲያን አልነበረም፤ በዘመኑም ክርስቲያኖች መከራ ተቀብለዋል። በሰማዕቱ በዮስጢኖስ ላይ የሞት ፍርድ የፈረደውም ይኸው መምህሩ ሩስቲኩስ ነው። ይህን ሳንሰውር፥ መልካሙን ለይተን እንወስዳለን።

ማርቆስ 17 ዓመት ሳይሞላው፥ በ138 ዓመተ ምሕረት፥ አንጦኒኖስ እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለው። ነገር ግን ወዲያው ዙፋን አላገኘም። እስከ 161 ድረስ 23 ዓመት ያህል በአንጦኒኖስ አጠገብ ሆኖ ሥራን ተማረ፤ የዋህነትንና ምክር የሚሰጠውን ሰው በትዕግሥት ማዳመጥን ከእርሱ አየ።

ልጁ ኮሞዶስ ግን በሌላ መንገድ አደገ። በ161 ተወልዶ፥ ገና 5 ዓመቱ ሳለ የቄሣርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ177 ከአባቱ ጋራ ተባባሪ ንጉሥ ሆነ። አባቱ በ180 ሲሞት፥ በ18 ዓመቱ ብቻውን ነገሠ። መምህራን አልጐደሉበትም፤ የጐደለበት ከሌላው በታች ሆኖ መታዘዝና መጠበቅ ነበር። ራሱን ሄርኩለስ ብሎ ጠራ፤ በሕዝብ ፊት ከታጋዮች ጋራ ለትርኢት እስከ መታገል ደረሰ፤ በ192 መጨረሻም በገዛ ቤተ ሰዎቹ ሤራ ተገደለ።

በአባቱ ላይ ለመፍረድ አንቸኵልም። ማርቆስ ከልጆቹ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው የቀበረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ አባት ለተረፈለት ወንድ ልጅ ቢሳሳ ማን ይደነቃል? ሆኖም መሳሳትና ማሳደግ አንድ አይደሉም። አባት 23 ዓመት የደከመበትን ነገር ልጅ በአንድ ቀን ሲቀበለው፥ ክብሩን ያያል፤ ድካሙን ግን አያውቅም።

እንግዲህ በየቤታችን ልጆቻችንን ስለ ቍጥርና ስለ ንባብ ስንጠይቃቸው፥ ይህንንም እንጨምር፤ «ከማን ምን ተማርህ?» እንበላቸው። ልጁ አያቱን፥ መምህሩን፥ የቤት ሠራተኛይቱንም ሳይቀር በስም ጠርቶ የሚያመሰግንበት ነገር ካገኘ፥ ጠባይ መሠራት ጀምሯል። ከአባቱ በቀር የሚጠራው ሰው ከሌለው ግን፥ ማዕረግ ሳንሰጠው ሥራ እንስጠው።