ድንጉላ ንብ ሥራ ፈት ነውን?

«አውራ እንደሌለው ንብ» የሚል አነጋገር አለን። አውራ የወንድ መጠሪያ ቢሆንም በቀፎ ውስጥ አውራ የምንላት ግን እንቁላል ጣይዋ ንግሥት ናት። እውነተኛው ወንድ ድንጉላው ማር የማይሠራ፣ መናደፊያ የሌለው፣ የሌሎችን ድካም የሚበላ ሥራ ፈት ተደርጎ ይታያል። በእኛ እምነት ይህ ፍርድ ሚዛን የጎደለው ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄፍሪ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የአንድ ነፍሳት ዝርያ ሴት ከብዙ ወንዶች ጋር ስትገናኝ የወንዶቹ ፉክክር በግንኙነቱ አያበቃም፤ በሴቷ አካል ውስጥ በዘሮቻቸው መካከል ይቀጥላል። ከውኃ ተርብ ዘመዶች በአንዱ ወንዱ የቀደመውን ተቀናቃኝ ዘር ጠርጎ እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1979 ተረጋግጧል።

የዚህ ፉክክር ሌላው ምሳሌ በየጓሯችን ይገኛል። የኢትዮጵያ ንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ሲገለጽ የተሰጠው «ሲሜንሲስ» የተሰኘ መጠሪያ የስሜንን ስም የያዘ ነው። የማር ንብ ወጣት ንግሥት ከቀፎ ወጥታ በአየር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ከሚበልጡ ድንጉሎች ጋር ትገናኛለች፤ እያንዳንዱም ድንጉላ ወዲያው ይሞታል። ንግሥቲቱ ከተቀበለችው በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠር ዘር ጥቂቱን ብቻ በከረጢቷ አኑራ ለዓመታት ትጠቀምበታለች። እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ዳግመኛ አትገናኝም። እንግዲህ ለድንጉላው ንግሥቲቱን መድረስ ብቻውን ድል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የድንጉላ የዘር ፈሳሽ የራሱን ዘር ሲደግፍ የተቀናቃኙን ዘር ይጎዳል።

ለቀፎው የሚበጀው ግን የአንዱ ድንጉላ ማሸነፍ ሳይሆን የአባቶች መብዛት ነው። ከብዙ አባቶች የተወለዱ ሠራተኞች ያሉት ቀፎ የእጮቹን ሙቀት በተሻለ ይጠብቃል፤ በሽታንም በበለጠ ይቋቋማል። ንግሥቲቱ ከቅርብ ዘመዷ ጋር ስትገናኝ ደግሞ በዚያ ድንጉላ ዘር ከዳበሩት እንቁላሎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከንቱ ሊቀሩ ይችላሉ።

ድንጉላ ማር መብላቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ በማየት የድንጉላ እጭን ከእንጀራው ላይ እየቆረጡ መጣል፣ ወይም በዘመናዊ ቀፎ ንብ ሲያራቡ ከጥቂት ቀፎዎች ብቻ እየከፈሉ ማብዛት የነገን ማር ዛሬ መብላት ነው። ጥቂት ቀፎ ባለበት መንደር ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ የሚፎካከር ዘር ይጠፋል።

ስለዚህ ከጎንደር ከተማ ዳርቻ እስከ ዳባትና ደባርቅ የሚገኙ ንብ አርቢዎች ድንጉሎችን ከተለያዩ ቀፎዎች እንዲያቆዩ እንመክራለን። የሥነ ሕይወት ተማሪዎችም በአበባ ወራት ከየቀፎው የሚወጡትን ድንጉሎች ቆጥረው ቢመዘግቡ ወጪው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። የንግሥቲቱን ጤና የሚጠይቅ ሁሉ ስለ ባሎቿም ሊጠይቅ ይገባል።