ቡሌ ላይ የሚጠፉት ሴንቲሜትሮች

ጌዴኦ ውስጥ ከቡና ጋር የሚሠራ ሁሉ ዘንድሮ የኮኦርዲኔት ሊቅ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ የማሳው ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ እንዲኖረው ያስገድዳል። ስድስተኛው አኃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን የሚያነበው የእጅ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ በሜትሮች ይስታል፤ ይህ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ተቃራኒው ነው፦ ተጠንቅቀን የለካነው ሥራ ፋይሉ ሲወጣ መቆረጡ።

ቀያሽ ነኝ፤ የምሠራው ዲላ፣ የተወለድኩት ቡሌ። ቡሌ እንሰትና ገብስ የሚበቅልባት ደጋ ናት፤ ሜዳ ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ ይደክማል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ካለቁ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ከክረምት በፊትና በኋላ በድሮን አንስቶ ማነጻጸር አስፈላጊ ነው የሚል ሰው በዝቷል። እኔም እስማማለሁ። ግን ከሁለቱ በረራዎች የሚወጡት የነጥብ ስብስቦች፣ ማለትም ፖይንት ክላውዶቹ፣ እንዴት ተቀምጠው ነው የሚነጻጸሩት?

ቦታን በሜትር በሚገልጸው የዩቲኤም ሥርዓት ስንሠራ ቡሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 696 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብዙ ሶፍትዌሮች ፋይል ሲያወጡ ይህን ቁጥር በ32 ቢት ያስቀምጡታል፤ 32 ቢት ደግሞ በአስተማማኝነት የሚይዘው ሰባት አኃዝ ያህል ነው። ስድስቱን ሙሉ ሜትሩ ይበላቸዋል። በዚህ ርቀት ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 6.25 ሴንቲሜትር ነው፤ በምሥራቅ አቅጣጫ ደግሞ 3 ሴንቲሜትር ከምናምን። በመካከል የነበረ ነጥብ ሁሉ ወደ ቅርቡ መስመር ይገፋል። አጉልተው ሲያዩት ነጥቦቹ እንደ ሽንኩርት መደብ ተሰልፈው ይታያሉ። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ይብሳል፤ ላሊበላና አክሱም ላይ ክፍተቱ 12.5 ሴንቲሜትር ይደርሳል።

ከፍታው ግን ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ምንም አይሆንም። ማንም የማይጠረጥረውም ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ነጥብ 3 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢገፋ ከፍታው ያው ነው። 45 ዲግሪ ባዘቀዘቀ መሬት ላይ ግን የ3 ሴንቲሜትር የውሸት ከፍታ ይፈጥራል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው መሬቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ተንሸራቷል ወይስ አልተንሸራተተም የሚለውን ነው።

«መሣሪያው ራሱ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይስት የለም እንዴ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይስታል። የመሣሪያው ስሕተት ግን ሪፖርት ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ይሄኛው የትም አልተጻፈም። አንዴ ከተቆረጠ በኋላም የሚመልሰው የለም፣ ዋናው ፋይል ካልተቀመጠ እንደገና ማብረር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ያሉ ትክል ድንጋዮች በዚህ ዓይነት ፋይል ቢቀመጡ፣ የጣት ውፍረት ያለው ቅርጽ ተፍቆ ይጠፋል።

መፍትሔው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከማውጣት በፊት ከሰሜኑ 690 ሺህ፣ ከምሥራቁ 430 ሺህ ቀንሶ፣ የተቀነሰውን መጠን ከፋይሉ ጋር መጻፍ ነው። ወይም በ64 ቢት፣ አለዚያም ይህንኑ ቅነሳ በውስጡ በሚይዘው የላስ ፎርማት ማውጣት።

ያየኋቸው የሥራ ዝርዝሮች ግን «ፖይንት ክላውድ ማስረከብ» ብለው ያበቃሉ። የተቀነሰው ቁጥር፣ ከነጥብ በኋላ ያለው አኃዝ ብዛትና የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ ስም ይጨመርበት፤ አዲንዳን የተባለውን ሥርዓት ደብሊውጂኤስ 84 ከተባለው ጋር ያምታታ ሰው 200 ሜትር ገደማ ይስታልና። ርክክብ ላይ ደግሞ የወረዳው ባለሙያ ፋይሉን ከፍቶ አንድ ቋጥኝ አጉልቶ ይይ፤ ነጥቦቹ ከተሰለፉ ክፍያ አይፈረም።