ተራራው ደረጃ አገኘ፤ እንግዳውስ ማደሪያ?

በዱራሜ አጠገብ ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በቅርብ ዓመታት 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል፤ ሥራውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ደረጃ እንግዳን ያወጣል እንጂ አያሳድርም።

ዝናም ብቻውን አያሳድርም። የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገቡም፥ ብዙው ጎብኚ ጧት ከአዲስ አበባ ሄዶ ማታ ይመለሳል፤ ከመግቢያ ዋጋው በቀር ለአገሬው የሚተርፈው የመኪናው አቧራ ነው።

ጢያ፥ ሆሳዕናና ዱራሜ ግን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ የሚታዩ ናቸው። ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሦስቱን ብታስተሳስሩ፥ እንግዳው ሆሳዕና ላይ አተካና በልቶ ያድራል፥ በማግሥቱም ተራራውን ይወጣል። ያደረ እንግዳ ምግቡን ለምታሰናዳው እናትም፥ መንገድ ለሚመራው ተማሪም እንጀራ ነው።