ወለም ያለ እግር፣ የተሸጠ ወረፋ

አንዲት ሴት በዊልቸር እየተገፋች ጨዋታው መግቢያ ላይ ትደርሳለች። እዚያ ብድግ ትልና ሦስት አራት እርምጃ አነክሳ መቀመጫዋን ትይዛለች። ከኋላዋ አንድ ሰዓት ሙሉ የቆመ ጎልማሳ ለሚስቱ «ተአምር ነው፤ ተፈወሰች!» ይላል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል። ሴትዮዋም ትሰማለች።

ይህ ቀልድ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ በሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አዲስ አይደለም። ቀልዱ ውስጥ ግን ፍርድ አለ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ወይ ከነጭራሹ መቆም የማይችል ነው፣ ወይ አጭበርባሪ ነው የሚል ፍርድ። ትናንት እግሩ ወለም ያለው፣ ሃያ እርምጃ ችሎ ሃያ ሺህ የማይችለው ሰው በዚህ ፍርድ ውስጥ መቆሚያም መቀመጫም የለውም።

ፍርዱ ስህተት ነው። ስህተቱ ግን የሚጠቅመው ወገን አለ፤ ያ ወገን ደግሞ ተሰልፎ የሚስቀው ሰው አይደለም።

ከእግሩ መጀመር ይሻላል። ዲዝኒ ወርልድ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። ኤፕኮት በሚባለው ፓርክ የ11 አገሮች ድንኳኖች የተደረደሩበትን ሐይቅ አንድ ጊዜ መዞር ብቻ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ እዚያ ተራ ነገር ነው፤ ያውም በፍሎሪዳ ሙቀት፣ ያውም ለፎቶ ተብሎ በተገዛ አዲስ ጫማ። አንድ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ አንድ የሚሮጥ ሕፃን ይበቃል። ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይጎዳል፣ ማታ እግሩ ጫማ አያስገባም።

እንዲህ ላለው ጉዳት የሚደረገው ይታወቃል። ካናዳውያን ሐኪሞች በ1992 ያወጡት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኦታዋ መመሪያ ዛሬም በየድንገተኛ ክፍሉ ይሠራበታል። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው አራት እርምጃ መሄድ ካቃተው፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት ካመመው ራጅ ይነሣ ይላል። ስብራት ካልሆነ ደግሞ እግሩን ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ብቻ ቀስ በቀስ መርገጥ ነው። በእያንዳንዱ የዲዝኒ ፓርክ ነርሶች ያሉበት የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያ አለ፤ በረዶና ፋሻ ለማግኘት ሆቴል እስኪገቡ መጠበቅ አያስፈልግም። «ትንሽ ትታሽና ይለቃታል» የምትለዋ አክስት ደግሞ በፍቅር ትደመጥ፣ እጇ ግን ይያዝ። ወጌሻ የራሱ ክብር አለው፤ ራጅ ያልታየ ያበጠ እግር ግን የመታሻ ጊዜው አይደለም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ መቀመጥ ነው።

ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ተነሥቶ ልጆቹን ኦርላንዶ የሚያደርስ የሐበሻ ቤተሰብ መኪና ላይ 13 ሰዓት ገደማ ያሳልፋል። አባት ፈቃዱን ከሁለት ሥራ አጣጥሞ ነው ያገኘው። በገና ሰሞን ማጂክ ኪንግደም ለመግባት ብቻ አንድ አዋቂ በቀን ከ180 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ ትኬቱ ቀን የተቆረጠለት ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም። በዚህ ሒሳብ መካከል የእናትየው እግር በሁለተኛው ቀን ወለም ሲል ማንም «ተነሺና ሂጂ» አይላትም። ራሷ ትነሣለች። ፋሻውን በካልሲ ትሸፍናለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ልጆቹ ፊት አታነክስም። ዊልቸር እንከራይ ሲሏት «ሟርት አትጥሩብኝ» ትላለች። ፎቶው አዲስ አበባ መድረሱ አይቀርምና፣ እዚያ ያለችው እህቷ በዊልቸር ላይ ስታያት የምትለው ከወዲሁ ይታወቃታል። ጉዞው ያልቃል፤ ያላረፈው ጅማት ግን በላላበት ቀርቶ በየደረጃው የሚከዳ ቁርጭምጭሚት ሊሆንባት ይችላል።

የሚያስገርመው ይኸው ቤተሰብ ዊልቸርን በሌላ ቦታ በደንብ ያውቀዋል። ከቦሌ ተነሥተው ደለስ ለሚያርፉት እማማ የአየር መንገዱ ዊልቸር አስቀድሞ ይታዘዛል። እማማ አንዳንዴ ከልጆቻቸው በተሻለ ይራመዳሉ። ግን እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የኢሚግሬሽኑ አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ገፊው ደግሞ እስከ ሻንጣቸው ያደርሳቸዋል። እዚያ ዊልቸሩ እግር አይደለም፤ አስተርጓሚ ነው። ማንም አያፍርበትም። ነውሩ የሚመጣው እግር በእውነት ሲታመም ብቻ ነው። ይህን አመል ዲዝኒ አልፈጠረውም፤ ከቤት የመጣ ነው፣ እቤትም ሊተው ይገባዋል።

አሁን ወደ ወረፋው።

የቀልደኛው ጎልማሳ ክስ «ዊልቸር የያዘ ወረፋ ይዘላል» የሚል ነው። እንደ ሕጉ ከሆነ ይህ እውነት አይደለም። ከ2013 ወዲህ የኩባንያው አሠራር ግልጽ ነው፤ ችግሩ የመራመድ ብቻ የሆነ ሰው ዊልቸር ወይም ባለሞተር ስኩተር ይይዝና ከሌላው ሕዝብ ጋር በዚያው ወረፋ ይገባል። መንገዳቸው ለጎማ በማይመች አሮጌ ጨዋታዎች ላይ ሌላ በር ይሰጠዋል፤ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ «በዚህ ሰዓት ተመለስ» ተብሎ ነው። የወለመችው እናት ተቀምጣ ትጠብቃለች እንጂ ያነሰ አትጠብቅም። ልዩነቱ መቀመጧ ብቻ ነው።

ታዲያ ወረፋውን ማን ዘለለው?

ማጂክ ኪንግደም በጥቅምት 1971 ሲከፈት ጨዋታዎቹ በኩፖን ይሸጡ ነበር። ውድ ኩፖን ያለው ትልቁን ጨዋታ ይገባል፣ የሌለው ትንሹን። ገንዘብ ያኔም ይለይ ነበር፤ ግን የሚገዛው ጨዋታውን ነበር እንጂ የሌላ ሰው ተራ አልነበረም። ኩፖን የያዙ ሁሉ አንድ ላይ ይሰለፉ ነበር። በ1999 ፋስትፓስ የተባለው መጣ። ቀጠሮ ይያዛል፣ በቀጠሮው ሰዓት በሌላ መንገድ ይገባል፣ ክፍያ የለውም። ቀድሞ የነቃ ይጠቀማል፤ የነቃው ግን ድሃም ሊሆን ይችል ነበር። ይህ በ2021 ቀረ። በቦታው ጂኒ ፕላስ መጣ፤ ሲጀምር ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር። በ2024 ስሙ ተቀይሮ ላይትኒንግ ሌን በሚል በየደረጃው ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የመጨረሻው ደረጃ ወጣ፤ ፕሪሚየር ፓስ። እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ለአንድ ሰው ከ129 እስከ 449 ዶላር፣ ከመግቢያ ትኬቱ ውጭ። አምስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ በውዱ ቀን ለአንድ ውሎ 2,245 ዶላር ከፍሎ ፈጣኑ መንገድ ባለው ጨዋታ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ያለ ቀጠሮ ይገባል።

አሁን ከ2013 የሆነ ነገር ይታወስ። በዚያ ዓመት ግንቦት ኒው ዮርክ ፖስት የተባለው ጋዜጣ የማንሃተን ሀብታም እናቶች አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ በሰዓት 130 ዶላር እየቀጠሩ፣ የእሷን መብት ተጠቅመው ልጆቻቸውን ከወረፋ እንደሚያስቀድሙ ጻፈ። የስምንት ሰዓት ሒሳብ 1,040 ዶላር። አገር ተቆጣ። ነውር ተባለ፣ ክፋት ተባለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዲዝኒ የቀድሞውን የእርዳታ ካርድ ሰርዞ ዳስ የሚባለውን አሠራር ተካ። በዳስ ማንም ቀድሞ አይገባም፤ ወረፋው 90 ደቂቃ ከሆነ ያን ያህል ሰዓት ያህል ሌላ ቦታ ጠብቆ ይመለሳል።

እናቶቹ ያደረጉት ነውር ነበር፤ ክርክር የለውም። ግን የነውሩ ምንነት ምን ነበር? ገንዘብ ያለው ሰው የሌለውን ተራ መግዛቱ ከሆነ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ቤቱ ራሱ ያንኑ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ዋጋ ለጥፎበታል። ያኔ 1,040 ዶላር የተቀበለችው አንዲት አካል ጉዳተኛ ነበረች። አሁን ገንዘቡ ኩባንያው ካዝና ይገባል። ከዚህ በቀር ምን ተለወጠ?

የተለወጠ ነገርስ አለ፤ የዳስ በር ጠበበ። ከግንቦት 2024 ጀምሮ ፍሎሪዳ ላይ አገልግሎቱ በዋናነት እንደ ኦቲዝም ባለ የእድገት ችግር ወይም በመሰለው ምክንያት ረጅም ወረፋ ላይ መቆየት ለማይችሉ ብቻ ሆነ። ውሸት የተናገረ ሰው ለዘለቄታው ከፓርኮቹ እንደሚታገድ ማስጠንቀቂያ ተጨመረ። ሌላ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ተመለሱ፤ ጉዳዩም በ2025 ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የኩባንያው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። የዳስ ተጠቃሚዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሆነዋል ብሏል፤ የሚዋሹ እንዳሉም የማያውቅ የለም። ጨዋታው በሰዓት የሚያስተናግደው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በፈጣኑ መንገድ የሚገባው ሲበዛ ዝግተኛው መንገድ ይቆማል። ልክ ነው። ግን ይህ ሒሳብ ከፋይ ሲመጣ ለምን ይረሳል? አንድ ጨዋታ በሰዓት 1,000 ሰው ይጭናል እንበል። 700ው መቀመጫ ለፈጣኑ መንገድ ከተሰጠ በተለመደው ወረፋ የሚንቀሳቀሰው 300 ሰው ነው። መቀመጫው በዳስ ተወሰደ በ449 ዶላር ተወሰደ፣ ኋላ ለቆመው ሰው ልዩነት የለውም። ለኩባንያው ግን አለው፤ አንዱ በነፃ ነው፣ ሌላው ገቢ ነው። መጥበብ የነበረበት የትኛው በር እንደሆነ የወሰነው ይህ ልዩነት ቢመስል ማንን ይገርማል? ነፃው ፋስትፓስ በተዘጋባቸው ዓመታት የዳስ ጠያቂ መብዛቱስ?

እግሯ የተጎዳው እናት ይህ ሁሉ የሚያርፍባት በደቂቃ ነው። ከፊቷ የተሸጠ እያንዳንዱ መቀመጫ ባበጠ እግር የምትቆመው ደቂቃ ይሆናል። ሕጉም ብዙ አይጠልላትም። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለአካል ጉዳተኛ የሚደረግ ማመቻቸት ተጨማሪ ክፍያ እንዳይጠየቅበት ይከለክላል። በ2008 የተሻሻለው ሕግ ግን ከ6 ወር የማይበልጥ ቀላል ጉዳትን ከአንዱ የትርጉም ክፍሉ በስም አውጥቶታል፤ በሳምንታት የሚድን ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ ከሕጉ ውጭ ይቀራል። በሕግ አካል ጉዳተኛ አይደለችም፤ በእግሯ ጤነኛ አይደለችም። ለእሷ ዓይነቱ ፓርኩ የሚያቀርበው የኪራይ ዊልቸርና የሚከፈልበት መንገድ ነው።

ሌላ መፍትሔ የለም እንዳይባል፣ ዳስ ራሱ መፍትሔው እንደሚቻል አሳይቷል። ሰው ከወረፋው ውጭ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ እኩል ሰዓት ይጠብቅ። ሲደርሰው ይጠራ። ከማንም አይቀድምም፣ የማንንም መቀመጫ አይወስድም። አጭበርባሪ የሚያጭበረብረው ለመቅደም ነው፤ መቅደም በሌለበት የሚሰረቀው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። ይህን ለወለመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ጉልበታቸው ለደከመ አያት ሁሉ ያለ ምርመራ መስጠት ይቻላል። የሚጎድለው ዘዴ አይደለም። ማንም ተቀምጦ መጠበቅ ከቻለ፣ ላለመቆም 449 ዶላር የሚከፍለው ሰው ይቀንሳል።

እስከዚያው ድረስ እናትየው ዊልቸሩን ትከራይ። በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በዚያው በወለመበት ማግሥት ጠዋት። ፎቶውም አዲስ አበባ ይሂድ፣ እህቷም ትጠይቅ፣ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ወለምታ»። ከፕሮግራሙ ግማሹ ይሰረዝ፤ ልጆች ከአሥር ጨዋታ ሦስቱን ብቻ ያስታውሳሉ፣ ማታ በዝምታ ያለቀሰች እናትን ግን አይረሱም። በሩ ላይ ደርሳ አራት እርምጃ ስትራመድ የሚሳቅ ከሆነም ይሳቅ።

የሚስቀው ጎልማሳ ግን እዚያው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ያድርግ። ጊዜ አለው፤ 90 ደቂቃ። ከእሱ ጎን ባለው ባዶ በሚመስለው መንገድ የሚያልፉትን ይቁጠር። ዊልቸሮቹን ለብቻ፣ ስልካቸውንና የእጅ አምባራቸውን እያስነኩ በፍጥነት የሚያልፉትን ለብቻ።