የድድ ብግነትና የደም ሕዋሳት ትስስር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ሪፖርት ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአፍ ውስጥ በሽታዎች እንደሚጠቃ፣ ወደ 1 ቢሊዮን የሚገመተው ደግሞ የጠና የድድ ሕመም እንዳለበት አመልክቷል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ የአፍ ጤና ከሌሎች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጋር ተቀናጅቶ እንዲሠራበት ጠይቋል። በድድና በደም ሕዋሳት መካከል ያለው ትስስር የዚህን ውሳኔ ተገቢነት ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ ነው።

በጥርስ ላይ የሚጠራቀመው ቆሻሻ በወቅቱ ካልተወገደ ድድን ያስቆጣል። ከተቆጣው ድድ የሚነሡ ባክቴሪያዎችና ኬሚካላዊ መልእክቶች በደም አማካይነት የደም ሕዋሳት እስከሚመረቱበት የአጥንት መቅኔ ሊደርሱ ይችላሉ። የጠና የድድ ሕመም ባለባቸው ሰዎች የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ከፍ ብሎ የሚታየውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የድድ ብግነት ካለባቸው አይጦች የተወሰደ መቅኔ ለጤነኛ አይጦች ሲተላለፍ፣ ተቀባዮቹ ላይ የተቀሰቀሰው የመገጣጠሚያ ብግነት የከፋ ሆኗል። ውጤቱ በአይጦች ላይ የተገኘ በመሆኑ ለሰው ልጅ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ ሆኖም የትስስሩን መንገድ ያመለክታል።

ቀይ የደም ሕዋሳትም ከዚህ ተጽዕኖ ውጭ አይደሉም። ብግነት ሲራዘም ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ይህም ብረት ከሰውነት ክምችት ወጥቶ ለደም ምርት እንዳይውል ያግዳል። በመሆኑም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ሲያጋጥም የአፍ ጤንነትም አብሮ ቢመረመር ይመረጣል። ትስስሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ አንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶች አስቀድመው በድድ እብጠትና መድማት ሊገለጡ ይችላሉ።

ስለዚህ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ሲጸዳ የሚደማ፣ ያበጠ ወይም ከጥርስ የሸሸ ድድ ያለበት ተገልጋይ ጥርሱ እስኪነቃነቅ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። የስኳር ሕመም ወይም እርግዝና ካለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወሰድም ከሆነ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከድድ መድማት ጋር ትኩሳት፣ ከፍተኛ ድካም ወይም በቆዳ ላይ የሚወጣ የደም ነጠብጣብ ከታየ የደም ምርመራ ሳይዘገይ መደረግ አለበት። በሐኪም የታዘዘ የብረት እንክብልን ያለ ባለሙያ ምክር ማቋረጥ አይገባም።